ሦስት ሜትር ተኩል

በ1999 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ፣ አቃቂ ገበያው ጀርባ ያለው ቅያሳችን ሲቃጠል እኔ ትምህርት ቤት ነበርኩ። ስደርስ ሁሉም አልቆ ነበር። ከሃያ ስድስት ሱቅ አሥራ አንዱ አመድ ሆኗል፤ ልብስ ሰፊው ጋሽ ዘካሪያስም ሞተዋል። መጀመሪያ በደህና ወጥተው ነበር አሉ። የስፌት መኪናዬን ላውጣ ብለው ተመልሰው ገቡና በዚያው ቀሩ።

የእሳት አደጋ መኪና አልመጣም እንዳይባል መጥቷል። ከዋናው መንገድ ወደ እኛ ሊታጠፍ ሲል ቅያሱ አፍ ላይ ቆመ። በግራ የሽንኩርት ጆንያ ተደርድሯል፣ በቀኝ ሸራ ተዘርግቷል፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ እያንዳንዱ ሱቅ ፊቱን ወደ መንገዱ አስፍቷል። ሠራተኞቹ ወርደው ቱቦ እየጎተቱ ሮጡ። ቱቦው ጋሽ ዘካሪያስ በር ሊደርስ ሃያ እርምጃ ሲቀረው አለቀ። ሰዉ ሰደባቸው። ድንጋይ ያነሣም ነበር።

ያልተሳደቡት እትዬ ዙለይኻ ብቻ ናቸው። የቤት አከራዬ ናቸው፤ አምሳ ዓመት ግድም ይሆናቸዋል። ከስልጤ በልጅነታቸው መጥተው፣ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ሱቁን ለብቻቸው ያቆሙ ሴት ናቸው። ባልዲ፣ ሳፋ፣ ጀሪካንና ገመድ ይሸጡ ነበር። ያ ሁሉ ፕላስቲክ እንደ ሻማ ቀልጦ መሬት ላይ ተጋግሯል። እሳቸው አጠገቡ ቆመው የሚያዩት ግን ሱቃቸውን ሳይሆን መኪናው የቆመበትን ቦታ ነበር።

"ምን ያያሉ፣ እትዬ?" አልኳቸው።

"የኔ ሸራ ነው የመጀመሪያው" አሉኝ። "መኪናውን ያቆመው የኔ ሸራ ነው።"

በአራተኛው ቀን አመዱ ላይ ላስቲክ አንጥፈው ሳፋ መሸጥ ጀመሩ። ከዚያ ወዲያ ግን ብዙም አያወሩም ነበር።

እኔ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ። በዚያ ዓመት የትምህርት ቤታችን የእንግሊዝኛ ክበብ አሜሪካ ካለ አንድ ትምህርት ቤት ጋር ይጻጻፍ ነበር። ጥር መግቢያ ላይ ትልቅ ፖስታ መጣ፤ ኮልተን ፌሪ የምትባል የትንሽ ከተማ ልጆች ስለ ከተማቸው የጻፉት አሥራ ሁለት ገጽ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ ተቀምጬ ለተማሪዎቼ ወደ አማርኛ ስመልሰው፣ እትዬ ዙለይኻ ልብስ እያሰጡ አዩኝ።

"መምህር፣ ምንድን ነው እንዲህ ያቀረቀርክበት?"

"የአንዲት የአሜሪካ ከተማ ነገር ነው። ልጆች ናቸው የጻፉት።"

"በል ጮክ ብለህ አንብበው፣ እኔም ልስማ።"

አነበብኩ። "ኮልተን ፌሪ ወንዝ ዳር ያለች ከተማ ናት። የሕዝቧ ብዛት አራት ሺህ ሦስት መቶ ነው።"

"አራት ሺህ? የኛን ቀበሌ ሲሶ አይሆንም እኮ! ይሄን ከተማ ይሉታል?"

"ከንቲባም አላት። ከንቲባው ጥርስ ሐኪም ነው ይላል። ቢሮ የሚገባው ማክሰኞ ማክሰኞ ብቻ ነው።"

"ሌላውን ቀን ጥርስ ይነቅላል?" ብለው ሳቁ። ከቃጠሎው ወዲህ ሲስቁ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ቀጠልኩ። የወረቀት ፋብሪካቸው ከተዘጋ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ የሠራተኛው ልጆች አሁን ሥራ ፍለጋ አንድ ሰዓት ሙሉ መኪና ይነዳሉ። ባቡርም ቀርቶባቸዋል። የድሮውን ጣቢያ ቤተ መጻሕፍት አድርገውታል። በመስከረም ከሁሉ የከበደ ዱባ ያመረተ ገበሬ ይሸለማል። እትዬ ዙለይኻ በየመሃሉ "እዚያም ፋብሪካ ይዘጋል እንዴ?" "ዱባ ይመዝናሉ?" እያሉ ልብሱን ያሰጣሉ። ዘጠነኛው ገጽ ላይ ስደርስ እጃቸው ገመዱ ላይ ቆመ።

"ከተማችን ደሞዝ የሚከፈለው የእሳት አደጋ ሠራተኛ የላትም" ይላል ገጹ። "ሠላሳ አንድ ሰዎች አሉን። ዳቦ ጋጋሪው፣ ፀጉር ሠሪዋ፣ የሒሳብ አስተማሪያችንም አሉበት። ሲረን ሲጮኽ ሁሉም የያዘውን ትቶ ይሮጣል።"

"ድገመው" አሉኝ። ደገምኩት።

"ዳቦ ጋጋሪው ሊጡን ትቶ?"

"ትቶ ነው የሚለው።"

"ታዲያ ማን ያስገድደዋል?"

ወረቀቱ ላይ ፈለግኩ። አንዲት ልጅ ከታች እንዲህ ብላ ጽፋለች፤ "አባቴን ለምን ትሄዳለህ ብዬ ጠየቅኩት። የሚቃጠለው የማውቀው ሰው ቤት ነው አለኝ።"

እትዬ ዙለይኻ መጥተው አጠገቤ ዱካ ላይ ተቀመጡ።

"ይሄ እኮ እድር ነው" አሉ። "የነሱ እድር ሰው ሳይሞት ይደርሳል፣ የኛ ከሞተ በኋላ ነው የሚደርሰው። ለጋሽ ዘካሪያስ ድንኳን ስንተክል ስንት ሰው መጣ?"

"ሁለት መቶ አይጠፋም።"

"ያ ሁለት መቶ ሰው በፊተኛው ቀን የት ነበር?"

"እዚሁ ነበር።"

"እዚሁ ነበርን። ቆመን እንጮኽ ነበር።"

ሰኞ ጠዋት ላስቲካቸውን ለጎረቤታቸው ለሽንኩርት ነጋዴዋ ለጠጄ አደራ ሰጥተው የእሳት አደጋ ጣቢያ ሄዱ። የፈረቃ ኃላፊው የሰደበን ሰፈር ሴት መጣች ብሎ ፊቱን አጨማዶ ነበር የተቀበላቸው። እሳቸው የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መኪናችሁ ስንት ይሰፋል? ሰውየው መኪናው ራሱ ሁለት ሜትር ተኩል እንደሆነ፣ ሠራተኛ ወርዶ ጎኑን ከፍቶ ቱቦ እንዲያወጣ ግን ሦስት ሜትር ተኩል እንደሚያስፈልግ ነገራቸው። ሲመለሱ መንገድ ላይ አንድ ረጅም አጠና ገዙ። አናጺ ዘንድ አስለክተው ልክ በሦስት ሜትር ተኩል አስቆረጡት።

ከዚያ ወደ ጋሽ መገርሳ ሄድን። ጋሽ መገርሳ የእድራችን ዳኛ ናቸው። ሠላሳ አምስት ዓመት ምድር ባቡር ሀዲድ ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ረጅም፣ ንግግራቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው።

"ዙለይኻ፣ እድር የሚያውቀው ሞት ነው" አሉ ሁሉንም ከሰሙ በኋላ። "ደንባችን ላይ እሳት የሚል የለም።"

"ደንቡን የጻፈው ማነው፣ ጋሼ?"

"እኛው ነን።"

"እንግዲያው እጃችን አልተቆረጠም።"

ጋሽ መገርሳ አጠናውን ከላይ እስከ ታች አዩት። "አንደኛውን ጫፍ እኔ እይዛለሁ" አሉ።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ጀመሩ። አጠናውን በመንገዱ አግድም፣ አንደኛውን ጫፍ እሳቸው ሌላውን ጋሽ መገርሳ ይዘው፣ ከቅያሱ አፍ እስከ መጨረሻው ይሄዳሉ። ጫፉ የነካው ነገር ሁሉ መነሣት አለበት። ጠብ የለም፣ ስድብ የለም። "አጠናው ነክቶታል" ይላሉ፣ በጎን ያሳልፉታል፣ ይቀጥላሉ። በመጀመሪያው ቀን ሃያ ሦስት ቦታ ነካ። ሰዉ ሳቀባቸው፤ "የሚዳር ልጅ አላችሁ ወይ፣ ድንኳን ልትተክሉ ነው?" ያለም ነበር። በማግስቱ መጡ። በሦስተኛውም ቀን መጡ።

ቀድማ የተነሣችው ጠጄ ናት። ጆንያዎቿን ወደ ውስጥ እየጎተተች፣ "ጋሽ ዘካሪያስ የልጄን ዩኒፎርም ሲጠግኑ አንድ ቀን እንኳ ዋጋ ጠይቀውኝ አያውቁም" አለች። በሳምንቱ ሃያ ሦስቱ አሥራ አራት ሆነ።

ይሄኔ ነው ቀበሌ የተጠራነው። ጊዜው ከምርጫው ግርግር በኋላ ስለሆነ ሦስት ሰው ተሰብስቦ ከቆመ የሚያይ ዓይን አያጣም። አቶ ጣሰው የሚባለው የቀበሌው ኃላፊ ወንበር እንኳ አላቀረበልንም።

"ማን ፈቅዶላችሁ ነው የተደራጃችሁት?" አለ።

"እድር ነን፣ ልጄ" አሉ ጋሽ መገርሳ።

"እድር እንጨት ተሸክሞ መንገድ ለመንገድ ይዞራል? ጀርባችሁ ማን አለ?"

እኔ ስለ አሜሪካው ደብዳቤ አፌን ልከፍት ስል እትዬ ዙለይኻ እግሬን ረገጡኝ።

"አቶ ጣሰው፣ ሚሊኒየሙ ስንት ወር ቀረው?" አሉ።

"ሰባት ተኩል። ምን አገናኘው?"

"አካባቢያችሁን አጽዱ፣ መንገዳችሁን ክፈቱ ያላችሁን እናንተ አይደላችሁም? ይኸው እየከፈትን ነው። ሪፖርት ማድረግ የናንተ ፋንታ ነው።"

አቶ ጣሰው እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሦስቴ መታ። "በጽሑፍ አምጡልኝ" አለ። እኔ ጻፍኩት፤ "የሚሊኒየም የመንገድ ማስከፈትና ጽዳት ኮሚቴ" ብዬ። ማኅተም ተደረገበት። ስንወጣ እትዬ ዙለይኻ "ማኅተሙ ደምቋል" ብቻ ነው ያሉት።

የፈረቃ ኃላፊውም እሑድ እሑድ እየመጣ ያስተምረን ጀመር። መብራት ከቆጣሪው ማጥፋት፣ ጆንያ አርሶ ማልበስ፣ ባልዲ ከእጅ እጅ ማቀበል፣ እሳት ሲያይል መሃል ያለውን አፍርሶ ክፍተት መፍጠር። አርባ ሁለት ሰው ስሙን አስመዘገበ። ለእያንዳንዱ ሥራ ተሰጠው፤ የኔ ሥራ ቅያሱ አፍ ላይ ቆሜ መኪናና ባጃጅ ማስነሣት ሆነ። በምን እንጠራራ ሲባል አንዱ የእድሩን ጡሩምባ አለ፤ ጋሽ መገርሳ እምቢ አሉ፤ "ጡሩምባ ሲሰማ ሰው ነጠላውን ፍለጋ ነው የሚገባው።" ከምድር ባቡር ግቢ የተጣለ የሀዲድ ቁራጭ አምጥተው ጉሊቱ አጠገብ ባለው ምሰሶ ላይ ሰቀሉት። በብረት ሲመታ እስከ ድልድዩ ይሰማል።

ተማሪዎቼ በበኩላቸው ለኮልተን ፌሪ መልስ ይጽፉ ነበር። ስለ ፋብሪካዎቹ፣ ስለ ወንዙ፣ ስለ ገበያው ጻፉ። ለእሳት አደጋው ገጽ ምን እንጻፍ ብለው ሲጠይቁኝ "ያያችሁትን" አልኳቸው። አንዷ ተማሪዬ "በከተማችን እየተቋቋመ ነው፣ ግን አንድ ሱቅ ቀርቶናል" ብላ ጻፈች።

እውነቷን ነው። በየካቲት መጨረሻ አጠናው የሚነካው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ የከማለዲንን ሱቅ። ከማለዲን ቆርቆሮና ሚስማር ነጋዴ ነው፣ ከእትዬ ዙለይኻ ጋር የአንድ አገር ሰዎች ናቸው። ከሱቁ ፊት በአራት የብረት ቋሚ የቆመ መጠለያ አለው።

"አባቴ ነው ያሠራው" ይላል። "ደርግ ያላፈረሰውን አንቺ ልታፈርሺው ነው?"

"እኔ አላፈርስም። ነክቶታል ነው ያልኩህ።"

በየጠዋቱ እዚያ ሲደርሱ ይቆማሉ፣ ሰላምታ ይሰጡታል፣ በጎን ያልፋሉ። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሆነ። ሰላምታውንም መመለስ ተወ።

አንድ ቀን ጋሽ መገርሳን ወገባቸው ያዛቸውና አልጋ ላይ ዋሉ። እኔ ፈተና ነበረኝ። እትዬ ዙለይኻ አጠናውን ለብቻቸው ይዘው ወጡ፤ አንዱን ጫፍ በብብታቸው አድርገው፣ ሌላውን መሬት ላይ እየጎተቱ። ከዚህ በኋላ የሆነውን ያየችው ጠጄ ናት፤ ያን ቀን ለገበያተኛው ሁሉ ስትተርክ ዋለች። ከማለዲን ሱቁን እየከፈተ አያቸው።

"አንቺ ሴትዮ፣ መገርሳስ?"

"ታመዋል።"

"ታዲያ አንድ ቀን ቢቀር ምን አለበት?"

"እሳቱም አንድ ቀን ይቀርልኝ እንደሆነ ጠይቅልኝ።"

ከማለዲን ቁልፉን ኪሱ ከቶ መጣና የተጎተተውን ጫፍ አነሣ። "እስከ መታጠፊያው ላድርስሽ፤ ሰው ምን ይላል፣ የአገሩ ሴት ስትጎትት እያየ ዝም አለ ይለኛል" አለ። አግድም ይዘው ሄዱ። ስድስት እርምጃ ሳይሄዱ የሱ ጫፍ የራሱን ብረት ቋሚ መታና ትከሻውን መልሶ ገጨው።

ከማለዲን አጠናውን እንደያዘ በሌላኛው እጁ ብረቱን ዳበሰ።

"ስንት ነው የሚተርፈው?"

"አንድ ክንድ ከስንዝር።"

"ይችን ያህል ነው?"

"ይችን ያህል ነው።"

በማግስቱ ብረት ቆራጭ ጠራ። ሲቆረጥ ሊያይ አልወደደም፣ ቡና ቤት ገብቶ ቆየ።

ሁለተኛው እሳት የተነሣው በሚያዝያ፣ ሐሙስ ቀን ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ነፋስ ነበር። ከብየዳ ቤቱ የተፈናጠረ ብልጭታ ጎረቤቱ ያለ የስፖንጅ ፍራሽ መደብር ውስጥ ገባ። ሀዲዱ ሲመታ ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ነበር። ጠመኔውን ለክፍሉ አለቃ ሰጥቼ ሮጥኩ። ፀጉር አስተካካዩ ሙሉአለም ግማሽ ፊቱን የላጨውን ደንበኛ ወንበር ላይ ጥሎ ሲሮጥ አገኘሁት። ደንበኛው ፎጣው አንገቱ ላይ እንዳለ ይከተለው ነበር፤ በኋላ ባልዲ ሲያቀብል ዋለ።

እኔ አፉ ላይ ቆሜ ባጃጆቹን አስነሣሁ። አንድ ሚኒባስ ተሳፋሪ እየጠበቀ አልነሣም አለኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም፤ ተነሣ። ከዚያ ዘወር ስል ቅያሱ ክፍት ስለሆነ እስከ መጨረሻው ወለል ብሎ ታየኝ። ጭሱ ጥቁር ነው። ባልዲው በሁለት ረድፍ ይሄዳል፣ እርጥብ ጆንያ የያዙ ሴቶች የቀኙን ጣሪያ ይመታሉ። እሳቱ ግን በግራው ረድፍ ከእንጨት ሱቅ ወደ እንጨት ሱቅ ይዘላል። አራተኛው ተያያዘ። አምስተኛው የእትዬ ዙለይኻ ነው፤ ገና በየካቲት፣ የቅያሱን አፍ ለቀው ወደ ውስጥ ገብተው በአዲስ ጣውላ ያቆሙት። ከሱ ቀጥሎ የከማለዲን ሱቅ፣ ከዚያ በኋላ መኖሪያ ቤቶቹ ናቸው።

"አፍርሱት!" አሉ እትዬ ዙለይኻ።

ሙሉአለም አልገባውም። "የማንን?"

"የኔን!"

ዲጂኖውን የያዘው ከማለዲን ነበር። አላነሣውም። "ዙለይኻ፣ ሁለት ወር ያልሞላው ሱቅ እኮ ነው። ምናልባት መኪናው…"

"ምን ትጠብቃለህ? በለው!"

እሳቸው ራሳቸው የበሩን መቃን ይዘው መጎተት ጀመሩ። ያን ጊዜ ከማለዲን ዲጂኖውን አነሣ። ሳፋና ጀሪካኑን ወደ ውጭ ወረወሩት፤ ባልዲዎቹ በመንገዱ ላይ እየተንከባለሉ እኔ ድረስ መጡ። ጣውላው ሲሰነጠቅ፣ ቆርቆሮው ሲወርድ፣ ስምንት ሰው ተረባርቦ ፍርስራሹን ወደ ኋላ ሲጎትት አየሁ። እሳቱ ክፍተቱ ጋ ደርሶ ምላሱን ዘረጋ፤ የሚይዘው ግን አጣ።

የመኪናው ድምፅ የተሰማኝ ያኔ ነው። ከፊቱ እየሮጥኩ አስገባሁት። ሳይቆም ገባ። ሠራተኞቹ ወርደው ጎኑን ከፈቱ፣ ቱቦውንም ዘረጉ። ቅያሱ በውኃና በእንፋሎት ተሞላ።

አራት ሱቅ ተቃጠለ፣ አንዱን እኛ አፈረስነው። ሙሉአለም እጁን ተቃጥሎ ወር ሙሉ መላጨት አልቻለም። የሞተ ሰው የለም።

እትዬ ዙለይኻ ጀሪካን ገልብጠው ተቀመጡና ሻሻቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። ጠጄ ትከሻቸውን ይዛ፣ "እትዬ፣ ሰው ሁሉ ተርፎ ምን ያስለቅስዎታል?" አለቻቸው።

"ለሱቄ ነው የማለቅሰው" አሉ። "ማልቀስም አይቻልም እንዴ?"

ሱቁን በሦስት እሑድ መልሰን አቆምነው። ቆርቆሮውን ከማለዲን ሰጠ፤ ዋጋውን ቢጠይቁት "አጠናው ነክቶታል" ብሎ አሳቃቸው። እድሩ ጠቅላላ ጉባኤ ጠርቶ ደንቡን አሻሻለ። አቶ ጣሰው ፎቶ አንሺ ይዞ መጥቶ ስለ ሚሊኒየሙ ኮሚቴ ንግግር አደረገ፣ እኛም አጨበጨብንለት። እትዬ ዙለይኻ አላጨበጨቡም። ተራቸው ሲደርስ የስም መዝገቡን አስይዘውኝ ተነሡ።

"ከአርባ ሁለት ሰው ዘጠኙ ሐሙስ ዕለት አልመጣም" አሉ። "መምህር፣ ስማቸውን አንብብ።"

እያፈርኩ አነበብኩ። እያንዳንዱን ለምን እንደቀረ ጠየቁት። አንዱ ሳሪስ ሄጄ ነበር አለ፤ ይሁን ተባለ። አንዱ ፈራሁ አለ። "አንተስ እውነት ተናገርክ" አሉት፤ "ካሁን በኋላ ባልዲ ሞልተህ ከሩቅ ታቀብላለህ።" ሦስቱ ሀዲዱን የትምህርት ቤት ደወል መስሏቸው ነበር። ምቱ እንዲለወጥ ተወሰነ፤ ሦስት ሦስት ጊዜ፣ ሳያቋርጥ።

ስብሰባው ሲያልቅ ከወፍጮ ቤቱ ወዲያ ካለው ሰፈር የመጡ አሥር የሚሆኑ ሰዎች በር ላይ ቆመው ጠበቁን። ቅያሳቸው ከእኛም የጠበበ ነው። "መጥታችሁ አስከፍቱልን" አሉ።

"እኛ ከመጣን ጠብ ይሆናል" አሉ እትዬ ዙለይኻ። "ከእናንተ መሃል ነው መሆን ያለበት። ጎረቤቱን ለማስቀየም የቆረጠ ማን አለ?"

እርስ በርስ ተያዩ። ወንዶቹ መሬት መሬት ያዩ ጀመር። ከኋላ ዳሲቱ የምትባል፣ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ በርበሬ የምትሸጥ ሴት እጇን አወጣች።

"እኔ አለሁ" አለች። "ከግማሾቹ ጋርማ ድሮም አልነጋገርም።"

"መልካም" አሉ እትዬ ዙለይኻ። "ነገ አንድ ሰዓት ላይ አጠናውን ይዤ እመጣለሁ፣ ከአንቺ በር እንጀምራለን።"